ለሌሎች በሙሉ

ጥቅምት 4 ቀን 2018

ዛሬ መርሳ ወርጄ የቅርንጫፉን ሠራተኞች አሠልጥኜ መጣሁ። ሠራተኞች ማለት እትዬ ውባንቺ ናቸው። ሌሎቹ የመገኘት ፊርማቸውን ፈርመው ሻይ ሊጠጡ እንደወጡ አልተመለሱም።

እትዬ ውባንቺ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ሲመቱ ኖረው ነው ወደ እኛ ፕሮጀክት የመጡት። ደብዳቤ ላይ አራት ነጥብ ሲጎድል የሚያማቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ያሳየኋቸው ሦስት ወር የለፋሁበትን ቴምፕሌት ነው። ፕሮጀክቱ ለሶላር ሥልጠና አመልካቾች የሚልከውን ኢሜይልና በድረ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ አመልካች የሚታየውን መልእክት ከእንግዲህ እኔን ሳይጠሩ ራሳቸው መጻፍና ማረም ይችላሉ። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል ለመቀየር ወልድያ ድረስ ይደወልልኝ ነበር፤ ያውም ከፕሮጀክቱ ሥራ ጎን ለጎን ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር።

አሁን ደብዳቤውን አንዴ ይጽፉታል። ስም በሚገባበት ቦታ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ «ስም» ብለው ይተዉታል፤ ሲስተሙ የየሰዉን ስም ይሰካበታል። «ወረዳው ይህ ከሆነ እንዲህ በል፣ ያ ከሆነ እንዲያ በል፣ ለሌሎች በሙሉ ደግሞ ይህን በል» ማለትም ይቻላል። እትዬ ቅንፎቹን «መንጠቆ» አሏቸው። እኔ ካወጣሁላቸው ስም ስለሚሻል እኔም መንጠቆ ማለት ጀምሬያለሁ።

«ብሳሳትስ? ኮምፒውተሩን ባበላሽባችሁስ?» አሉኝ።

«ምንም ቢጽፉበት አይሰበርም» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። የፈለጉትን ቢጽፉ ሲስተሙን መንካት፣ የሌላ ሰው መረጃ ማየት፣ ገጹን መጣል አይችሉም። ሲስተሙ ያልገባው ነገር ካለ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ባዶ ደብዳቤ እንዳይሄድ ደግሞ «ለሌሎች በሙሉ» የሚለው ክፍል የግድ እንዲሞላ አድርጌዋለሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው። አስተባባሪያችን አቶ ታደሰ ለዋናው መሥሪያ ቤት በላኩት ሪፖርት ላይ ግን «ያፈለቅነው» ብለውታል። ይበሉ።

እትዬ አንድ ነገር ብቻ አልወደዱልኝም። እኔ «ተመርጠሃል/ሻል» ብዬ ያስቀመጥኩትን አጥፍተው «ተመርጠዋል» አደረጉት። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅም ብትሆን ደብዳቤ ሲደርሳት አንቱ ትባል አሉ። ተውኩላቸው።

ጥቅምት 7

እትዬ ውባንቺ ሦስት ጊዜ ደወሉ። ሦስቱም ስለ ቢጫው ነው።

ቢጫው የእኔ ሥራ ነው። ከአመልካቾቹ መሐል በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ወረዳ ጋር ያልገጠመ ካለ፣ «ያልገጠሙ አሉ» የሚል ቢጫ መስመር ከላይ ይወጣል። ከደሴም ከሐይቅም ያመለከተ ስላለ ሁልጊዜም መውጣቱ አይቀርም። ይህንን አስረዳኋቸው። «ታዲያ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም?» አሉ። አይደሉም አልኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ደወሉ።

ጥቅምት 11

ክፍል ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ተማሪዎቹ ሳቁ። የመርሳን ወረዳ፣ ሀብሩን፣ በየትኛው «ሀ» ልጻፈው ነው ጥያቄው። በሃሌታው ሀ ነው በሐመሩ ሐ? የፈለጉትን ይጻፉ ብዬ ዘጋሁት።

ጥቅምት 14

አምስት ጊዜ ደወሉ። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ።

አጠፋሁት። ቢጫው ከእንግዲህ አይወጣም፤ ሰላም ነው።

ጥቅምት 24

ተላከ። በአንዲት ጠቅታ ለሦስት መቶ ስምንት ሰው። ፈተናውን ካለፉት መሐል የወልድያዎቹ ወልድያ፣ የሀብሩዎቹ መርሳ ቢሯችን ቀርበው እስከ ኅዳር 20 ይመዘገባሉ። ከዚያ ስድስት ወር የሶላር ተከላና ጥገና ሥልጠና፣ መኝታና ምግብ ያለበት፤ ሲጨርሱ ሥራ። ከሁለቱ ወረዳዎች ውጭ ላሉት «የፕሮጀክቱ ወረዳ ነዋሪ ባለመሆንዎ ምርጫውን አላለፉም» የሚለው ይደርሳቸዋል።

አንድም ስህተት የለም። ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። አቶ ታደሰ ምሳ ጋበዙኝ። ይህች ልጅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር ብለው ለሁሉም ተናገሩ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ጥቅምት 28

እትዬ ደወሉ። ለስድሳ ሰው ወንበር አሰናድተው እስከ ዛሬ የመጣው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው። መንገዱ ነው አልኳቸው፤ ሰሞኑን መቼ እንደሚዘጋ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። ደግሞ የማሽላ ወቅት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቶ ማሽላ ይቀድማል ወይ አሉኝ። ይመጣሉ አልኳቸው።

ኅዳር 2

ዛሬ መርሳ ቢሮ አንድ ሽማግሌ መጥተዋል። ጀብሪል የሚባሉ የግራና ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሳሚራ ተፈትና ነበር። የደረሳትን ኢሜይል ኢንተርኔት ቤት አሳትመው ወረቀቱን አራት አጥፈው ይዘው መጥተዋል። እትዬ ውባንቺ በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

ሽማግሌው አልተቆጡም አሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ «እቴ ውባንቺ፣ ግራና ከሀብሩ የወጣችው መቼ ነው? እኛ አልሰማንም» ብለው ጠየቁ።

አጣራለሁ አልኳቸው። ልጅቷ ወረዳዋን ሳትሞላ ቀርታ ይሆናል።

ኅዳር 3

ሞልታለች።

በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን ዝርዝሩን አወጣሁት። ሳሚራ ጀብሪል። ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ። የፈተና ውጤት ሰማንያ ዘጠኝ፤ ከሁለቱም ወረዳ ሦስተኛ። ወረዳ፦ ሀብሩ።

እትዬ ውባንቺ ደብዳቤው ላይ «ሐብሩ» ብለው ነው የጻፉት። በሐመሩ ሐ። አመልካቾቹ ቅጹን ሲሞሉ ወረዳቸውን በእጃቸው ነው የጻፉት፤ ከዝርዝር እንዲመርጡ አላደረግኩም። አሥራ ዘጠኙ «ሐብሩ» ብለዋል። ሃያ ሦስቱ «ሀብሩ»፣ አሥራ ስድስቱ «ሃብሩ»፣ ሁለቱ «ሓብሩ»። ሰው ሲያነበው አንድ ነው። ለሲስተሙ አራት የተለያየ አገር ነው። አርባ አንድ ሰው ከየትኛውም ሳይገጥም ቀረና «ለሌሎች በሙሉ» ውስጥ ገባ። ሁሉም የሀብሩ ልጆች ሆነው ሳለ የሀብሩ ሰው አይደላችሁም ተባሉ። ሲስተሙ አልተሰበረም። አንድ ቀይ መስመር እንኳ የለም።

የወልድያውን ክፍል ደግሞ አየሁት። እሱን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። «ወልድያ» ወይም «ወልዲያ» ከሆነ ይላል። ሁለቱንም አስገብቻለሁ። የምኖርበት ከተማ በሁለት መንገድ እንደሚጻፍ አውቄ ለራሴ ከተማ አስቤአለሁ።

ምሳ አልበላሁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

ኅዳር 4

ጠዋት አቶ ታደሰ ዘንድ ገባሁ። ልነግራቸው ነበር። ነገርኳቸው፤ ማለትም አርባ አንድ ሰው በስህተት ውድቅ መደረጉን ነገርኳቸው። ፊደሉን አስረዳኋቸው። ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ማን ነው የጻፈው ብለው ጠየቁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ኮምፒውተሩን ወደ ራሳቸው አዞሩት። የደብዳቤውን የማስተካከያ ታሪክ እንዴት እንደሚከፍቱ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

«የመጨረሻ ማስተካከያ፦ ውባንቺ» ይላል። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ።

«በቃ፣ ይኸውና» አሉ።

ያ ታሪክ ደብዳቤውን የነካ ሰው ይመዘግባል። ቅንብሩን የነካ ሰው ግን አይመዘግብም፤ እንዲመዘግብ አላደረግኩትም። የሥራ ጫና ነበረብኝ። ይህንን ለአቶ ታደሰ ማስረዳት ቴክኒካል ነገር ስለሆነ አልገባሁበትም። እንደሚቸኩሉም አይቻለሁ። የሰው ስህተት ነው እንጂ የሲስተም አይደለም ብለው ለዋናው መሥሪያ ቤት ሊጽፉ ነው። ከፈለግሽ ጨምሪበት አሉኝ። የምጨምረው የለኝም አልኩ።

ኅዳር 5

አርባ አንዱን ወዲያው እናስተካክል ብዬ ጠየቅሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አንዲት መልእክት እንዳትወጣ ተባልኩ። ሁለተኛ ስህተት አንችልም ብለዋል።

መዝገቡ የሚዘጋው ኅዳር 20 ነው።

ኅዳር 7

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ሰባኪው ስለ ምን እንዳስተማረ ብጠየቅ አላውቅም።

ኅዳር 9

መርሳ። አቶ ታደሰ የላኩትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለእትዬ ውባንቺ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በፖስታ መላክ ይቻል ነበር። ፊት ለፊት መሆን ይሻላል ብዬ ነው፤ ግን ፊት ለፊት ሆኜ ያልኩት ነገር የለም።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ቃል በእስክሪብቶ አርመው መልሰው አጣጠፉት። ልማድ ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፤ «አባቴ ሀብሩን በሐመሩ ሐ ነው ያስተማሩኝ፤ ሌላ መኖሩን እያወቅሁ አላሰብኩትም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«መቅዲዬ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ያ ቢጫ እየወጣ ያስጨንቀኝ አልነበር? እየጻፍኩ እያጠፋሁ ስታገል አንድ ቀን ጠዋት ብከፍተው የለም። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩት አልኩ። ለልጆቼ ሁሉ ደውዬ ነገርኩ።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ለእናቴ ማንጎ መግዛት አለብኝ አልኳቸውና ወጣሁ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆኗል።

ከሲሪንቃ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። መርሳ ቢሮ ያለችው ሴትዮ የሀብሩን ልጆች ቦታ አንሥታ ለወልድያ ልጆች ሰጠቻቸው አለ አንዱ። ስሟን ያውቀዋል። ሌላው የራሷን አገር ልጆች እንዴት ጨከነችባቸው አለ። ድሮም እንዲህ ነበረች ተባባሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰውን ማመልከቻ በነጻ ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው።

ዞሬ ልናገር ነበር። ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። ሙዚቃው ባይኖርም አልናገርም ነበር።

ኅዳር 15

እትዬ ውባንቺ «ጉዳዩ እስኪጣራ ቤትዎ ይቆዩ» ተብለዋል። አቶ ታደሰ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እየጠበቁ ነው። አምስት ቀን ቀርቷል።

ለራሴ የምለው ነገር አለኝ። ቢጫው ቢኖርም አይረዱትም ነበር። ከደሴና ከሐይቅ ያመለከቱት ስላሉ እንደሆነ ነበር የሚመስላቸው፤ እንደዚያ ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ቢጫው ላይ ቁጥር ነበረው ወይ? ነበረው። ስንት ይል ነበር? ስድሳ አንድ። ከሁለቱ ወረዳዎች ውጭ ያሉት ሃያ ናቸው። ቁጥሩን ሳጠፋው አይቼዋለሁ መሰለኝ። አላስታውስም።

ኅዳር 17

እትዬ ደወሉልኝ። ቤታቸው ተቀምጠው፣ ሲወጡ በእጃቸው ገልብጠው ከወሰዱት ዝርዝር፣ ለአርባ አንዱም አንድ በአንድ ደውለዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ስህተት ነው፣ አልፋችኋል፣ ዛሬውኑ መርሳ ሂዱና ተመዝገቡ ሲሉ ሁለት ቀን ዋሉ። ያልሠራ ስልክ ሲያጋጥማቸው በጎረቤት፣ በባጃጅ ሹፌር፣ በሸህ በኩል አስነገሩ። አርባው ተገኝተዋል። ፈቃድ የምንጠብቀው እኔና አቶ ታደሰ ብቻ ነበርን።

አንዷ አልተገኘችም። ሳሚራ ጀብሪል፣ ጎረቤት እንደነገራቸው፣ ከአራት ቀን በፊት ከግራና ወጥታለች። ከሁለት የሰፈሯ ልጆች ጋር፣ በደላላ፣ በአፋር በኩል ወደ ዓረብ አገር። ስልኳ ዝግ ነው።

ከአራት ቀን በፊት ኅዳር 13 ነው። እኔ ያወቅሁት ኅዳር 3 ነው። አሥር ቀን። ይህችን ትንሽ ሂሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራኋት እንጃ። በሁሉም ጊዜ አሥር ትወጣለች።

ኅዳር 18

ጻፍኩት። ሁለት ገጽ። ወረዳ በነጻ እንዲጻፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ሞክሬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ ማስጠንቀቂያውን ጥቅምት 14 ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ውባንቺ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ፈርሜ ለአቶ ታደሰ ሰጠሁ።

አንብበው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚያ የተናደዱት ባጠፋሁት አይደለም። «አሁን ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ ይሄን አምጥተሽ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው?» አሉኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ ለአርባ አንዱም የእርማት ኢሜይል ላክሁ። እንዲህ ይላል፦ ውድ እገሌ፣ ፈተናውን አልፈው በስህተት አላለፉም ተብለዋል፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ ቦታዎ ተጠብቋል፤ መቅደላ። «እገሌ» ያልኩበት ቦታ መንጠቆው ነው።

ከጥዋቱ 4:20 ላይ ተላከ። ለሳሚራም። መንገድ ላይ ስልኳን ከፍታ ብታየው፣ አፋር ውስጥ ሎጊያም ትሁን ሰመራ፣ ትመለሳለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ደኅና እንቅልፍ የምተኛ ይመስለኛል።

ኅዳር 19

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ አንድ ሆነው እንዲነበቡ አደረግሁ። ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም። ቢጫውንም መለስኩት። ሁሉም ተደምሮ አሥራ አንድ መስመር ነው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ሲስተሙ ላይ የሳሚራ ኢሜይል፦ ደርሷል። አልተከፈተም።

ኅዳር 20

መዝገቡ ተዘጋ። ከመርሳ ሃምሳ ዘጠኝ። አልተከፈተም።

ኅዳር 25

ዛሬ ከእትዬ ውባንቺ ጋር ግራና ሄድን። ለአባትየው በአፌ መናገር አለብኝ ብዬ ስነግራቸው አብሬሽ ልሂድ አሉኝ፤ ብቻሽን ብትሄጂ ማን መሆንሽን በምን ያውቃሉ አሉ።

ከመርሳ ባጃጅ ይዘን መንገዱን ስንጀምር ስለ ቢጫው ነገርኳቸው። የጠፋው እኔ ስላጠፋሁት ነው አልኩ፤ መደወልዎ ስለሰለቸኝ ነው አልኩ። ደብዳቤዬ ላይ መኖሩን አላወቁም፤ አቶ ታደሰ አላሳዩአቸውም። ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ እየዘለለ ሁለታችንም ብረቱን ጨብጠናል። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ታዲያ አልተማርኩም ነበር?» አሉ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማሽላው ዞሩ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሹፌሩ አየር ገባባት እንዴ ብሎ መጋረጃውን ወደ እኔ በኩል ዘረጋው።

አባባ ጀብሪል ደጃቸው ላይ ከተቆረጠ ማሽላ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቆመው ተቀበሉን፤ ቁርበት አነጠፉልን። እንግዳ ነንና መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና፣ ስለ አዝመራው ጠየቁን። ከዚያ ነገርኳቸው። ሳላስጌጥ ለመናገር ሞክሬአለሁ። ልጅዎ አልፋ ነበር፣ ከሁሉም ሦስተኛ ነበረች፣ አላለፍሽም ያላት እኔ የሠራሁት ነገር ነው፣ አሥር ቀን አውቄ ዝም ብያለሁ።

መሬቱን እያዩ ሰሙኝ። የማሽላ ፍሬ አንሥተው በጣታቸው እያሹ ብዙ ቆዩ። «አላህ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። ከትናንት ወዲያ መደወሏን ነገሩን። በሰው ስልክ ነው። ባሕሩን ተሻግረናል፣ ሁላችንም ደኅና ነን አለች፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። አሁን ያለችበት አገር የሚመለሱበት አይደለም። ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መንገድ የለውም አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያ ድረስ የሚያናግሩት እትዬን ነበር።

«ልጄ፣ የመጣሽበትን እግር አላህ ይይልሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ይሄን ነገር ሳሚራ እንዳትሰማው። ወድቄ ነው ብላ ነው የሄደች፤ እንደዚያው ትመን። አልፌ ነበር ያለች ቀን እዚያ አገር ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። ወላሂ አትቆምም።»

ኢሜይሉ ሳጥኗ ውስጥ ከገባ ሰባት ቀን ሆኖታል።

«እሺ አባቴ፣ አይደርሳትም» አልኳቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነው። እያንዳንዱን አሜን አልኩ።

ስንመለስ እትዬ ውባንቺ፣ ለማወቅ ያህል ነው ብለው፣ የተላከ ደብዳቤ ይመለሳል ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። አይመለስም አልኩ።

ኅዳር 29

አልተከፈተም።

በጠዋት ቢሮ ገብቼ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አልተከፈተም ሲል እፎይ እላለሁ፤ አባቷ የለመኑኝ ሳይፈርስ አንድ ቀን አለፈ። ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ግን ሌላው ሐሳብ ይመጣል። ለምን አልከፈተችውም? ስልክ ስለሌላት ነው? ስልኳን ስለወሰዱባት ነው? ወይስ ምን? በዚያ ባሕርና በዚያ በረሃ ስለሚሆነው ነገር ማንበብ አቁሜአለሁ። አላቆምኩም።

ታኅሣሥ 2

እትዬ ውባንቺ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው ተነሥቷል። የእኔ ኮንትራት በጥር ያበቃል፤ አይታደስም። ይህ ልክ ነው።

ደውዬላቸው ነበር። የሁለተኛውን ዙር ማስታወቂያ እርስዎ ይጻፉት አልኳቸው። አይ፣ አንቺው ጻፊው፣ እኔ በወረቀት እሰጥሻለሁ አሉ። አሁን ሁሉንም ፊደል እንደሚያውቅ፣ ቢጫውም እንደተመለሰ አስረዳኋቸው። በትሕትና ሰሙኝ። በወረቀት እሰጥሻለሁ አሉ።

አልተከፈተም።

ታኅሣሥ 6

አልተከፈተም።

ታኅሣሥ 8

አልተከፈተም። ቅዳሜና እሑድ የማይበት መንገድ አጥቼ ሲስተሙን በስልኬም አስገባሁት። አሁን ሚኒባስ ላይም አያለሁ። ዳቦ ቤት ተሰልፌም አያለሁ።

ታኅሣሥ 13

ተከፍቷል። ዛሬ ከጥዋቱ 3:07።

በሕይወት አለች። ስልክ አላት፣ እጅ አላት፣ ታነባለች። ተማሪዎች ደብተር ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆመዋል፤ ጨርሳችኋል ሂዱ አልኳቸው። ከዚያ ምን እንዳነበበች ትዝ አለኝ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መልስ መጣ። እንዲህ ይላል፦

«መልእክትዎ ደርሶኛል። ሪያድ ገብቻለሁ፣ ሰው ቤት ነኝ። ለአባቴ ማለፌን ከእናንተ ሰው እንዳይነግረው አደራ። ወድቄ ሳለቅስ በይ ሂጂ ያለኝ እሱ ነው። እኔ አልፈልግም ብዬ ነበር። ማለፌን ከሰማ በራሱ ላይ ይፈርዳል፣ አይተርፍልኝም። አደራ። ሳሚራ»

በሁለቱ መሐል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ለእሷ፣ እሷ ለእሳቸው ለምነውኛል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ሌላው አያውቅም ብለው አምነዋል። እሳቸው በይ ሂጂ ማለታቸውን አልነገሩኝም። ማሽላውን እያሹ ያን ያህል የቆዩት ለዚያ ነበር። ለእትዬ ውባንቺም ይህንን አልነግራቸውም።

ብዙ ጻፍኩላት፤ ሁሉንም አጠፋሁት። ይቅርታ የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁ፤ እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። በመጨረሻ «እሺ ሳሚራ፣ አይሰሙም» ብዬ ላክሁት። ስሟን በእጄ ነው የጻፍኩት።